ጣሪያ ላይ ከመውጣታችን በፊት
ስለ ቴሌቪዥን ምስልና ድምፅ መጥፋት በሬዲዮ የተሰጠ የመሠረተ ትምህርት ንግግር

የዛሬው ንግግራችን በየቤታችን ስላለው ቴሌቪዥን ነው። ምስሉ ሲጠፋ ወይም ድምፁ አልሰማ ሲል ምን እናድርግ? ከየትስ እንጀምር? ይህን አብረን እንመለከታለን። ይህን ንግግር በጽሑፍ የምታገኙት ደግሞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። ጊዜው ክረምት ነው። አንድ ጎረቤቴ ማታ ዜና ሊያዩ ቴሌቪዥኑን ቢከፍቱ ምስል የለም። «ዲሹን ነፋስ አዙሮት ነው» አሉና በዚያው ጨለማ መሰላል አቁመው ጣሪያ ላይ ወጡ። ቆርቆሮው በዝናብ ርሷል። ዲሹ ጋ ሳይደርሱ አንሸራተታቸውና ወደቁ። ክንዳቸው ተሰበረ። ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ፈተው ዋሉ።

በማግሥቱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ብመለከት ቢጫው ገመድ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ለካስ ልጆቹ ከጠረጴዛው ሥር የገባች ኳስ ሲያወጡ ነቅለውት ኖሯል። መልሼ ሰካሁት፤ ምስሉ መጣ። ባለቤታቸው ዝም ብለው አዩኝ። እኔም ምን እንደምል ጠፋኝ።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላል ያገራችን ሰው። የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው። ከቅርቡ እንጀምር፤ ወደ ሩቁ ተራ በተራ እንሂድ።

ምስልና ድምፅ በየት በኩል ይመጣሉ?

ምስልና ድምፅ እንደ ቧንቧ ውሃ መንገድ አላቸው። ከጣቢያው ተነሥተው ወደ ሳተላይት ይወጣሉ። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ መሣሪያ ነው። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ለእኛ አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። ከዚያ የሚወርደውን ሞገድ ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ ይሰበስበዋል። ከዲሹ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ዕቃ ኤልኤንቢ ትባላለች። የተሰበሰበውን ሞገድ ተቀብላ በገመድ ወደ ቤት ትልካለች። በቤት ውስጥ ሪሲቨሩ ይቀበለዋል። ሪሲቨሩ ምስልና ድምፅ አድርጎ ለቴሌቪዥኑ ይሰጠዋል።

እንግዲህ ሪሲቨሩ መካከል ላይ ነው። ከሪሲቨሩ እስከ ዲሹ አንድ መንገድ አለ። ከሪሲቨሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ሌላ መንገድ አለ። ምስል ሲጠፋ የመጀመሪያው ጥያቄ «ችግሩ ያለው በየትኛው መንገድ ነው?» የሚል ነው።

ዲሹን ለማዞር ለምን አንቸኩልም?

በአገራችን ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዱሮው አንቴና ጊዜ አንዱ ጣሪያ ላይ ሆኖ አንቴናውን ያዞራል፤ ቤት ያሉት ደግሞ «መጣ! ሄደ!» እያሉ ይጮኻሉ። ምስሉ ቢደበዝዝም ጭራሽ አይጠፋም ነበር። የዲሽ ነገር ግን ሌላ ነው። ዲሹ በጥቂቱ እንኳ ከዞረ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ደህናውን ዲሽ ካዞራችሁት አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ዲሹ የሚያይበትም አቅጣጫ እንደ ሳተላይቱ ይለያያል። ኢትዮሳት የሚባለው ሥርጭት የሚመጣው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ሳተላይት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሆኖ ዲሹ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽም ወደ ደቡብ ያያል። ናይልሳት ደግሞ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ ዲሹ ወደ ምዕራብ ይዞራል። የጎረቤት ዲሽ ወዲያ አይቷልና የእኔም ይዙር ማለት ስሕተት ነው።

ምስል ሲጠፋ

አንደኛ፤ ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ መብራት አላቸው ወይ? ስፒናው ከሶኬቱ በደንብ ገብቷል ወይ? እዩ።

ሁለተኛ፤ የሪሲቨሩን ሪሞት አንሡ። የቴሌቪዥኑን አይደለም። «ሜኑ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ነው፤ ካላወቃችሁት የተማረ ልጅ ያሳያችሁ፤ ቅርፁንም ደብተራችሁ ላይ ቅዱት።

ሜኑው በቴሌቪዥኑ ላይ ካልታየ ችግሩ ከሪሲቨሩና ከቴሌቪዥኑ አያልፍም። ጣሪያ ላይ ምንም ሥራ የላችሁም! በቴሌቪዥኑ ሪሞት «ሶርስ» የሚለውን ቁልፍ አንድ አንድ ጊዜ እየተጫናችሁ ጠብቁ። ቴሌቪዥኑ በየትኛው ቀዳዳ በኩል እንደሚቀበል የሚመረጠው በዚህ ነው። ቀጥሎ ገመዱን እዩ። ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ከሆነ ቢጫው የምስል፣ ቀይና ነጩ የድምፅ ነው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ገመድ ከሆነ ምስልና ድምፅን አንድ ላይ ያመጣል።

ሜኑው ከታየ ግን ከሪሲቨር ወደ ቴሌቪዥን ያለው መንገድ ደህና ነው። እንግዲህ ወደ ዲሹ በኩል ያለውን እንፈልግ። ከባድ ዝናብ እየዘነበ ከሆነ ታገሡ፤ ዝናብ ሞገዱን ያዳክመዋል፤ ሲያባራ ይመለሳል። የጠፋው አንድ ጣቢያ ብቻ ከሆነና ሌሎቹ ካሉ ዲሹ ጤነኛ ነው። ጣቢያው ሥርጭቱን አቋርጦ ወይም ፍሪኩዌንሲውን ቀይሮ ይሆናል። ሁሉም ከጠፉ ጎረቤት ጠይቁ። የነሱም ጠፍቶ ከሆነ ችግሩ የናንተ ብቻ አይደለም።

የናንተ ብቻ ከሆነ የሪሲቨሩን ስፒና ከሶኬቱ ንቀሉ። ይህን አትርሱ፤ በዲሹ ገመድ ውስጥ ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢዋ የሚልከው 13 ወይም 18 ቮልት አለ። ከዚያ ከሪሲቨሩ ጀርባ ተጠምዝዞ የገባውን የዲሽ ገመድ ፍቱ። መሐሉ ላይ ያለው የመዳብ ሽቦ ቀጥ ብሏል? ዝጓል? በዙሪያው ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች መሐለኛውን ነክተውታል? ከነኩት ለዩአቸው። ከዚያ በእጃችሁ መልሳችሁ አጥብቁ።

ድምፅ ሲጠፋ

ምስል አለ፣ ድምፅ የለም እንበል። መጀመሪያ ሌላ ጣቢያ ሞክሩ። እዚያ ድምፅ ካለ ዕቃችሁ ደህና ነው። ከሌለ የሁለቱንም ሪሞት የድምፅ ቁልፍ ጨምሩ። የሪሲቨሩ ድምፅ ከተዘጋ የቴሌቪዥኑን ብቻ ብትጨምሩ ዋጋ የለውም። በስክሪኑ ላይ የተሰረዘ የድምፅ ማጉያ ሥዕል ካያችሁ ድምፁ በሪሞት ተዘግቷል ማለት ነው።

ድምፁ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነስ? ቀይና ነጩን በቴሌቪዥኑ በኩል አቀያይሩ። ዝም ያለው ጎን ከተለወጠ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የሪሲቨሩ ነው። ካልተለወጠ የቴሌቪዥኑ ነው። አያችሁ? ያለ ምንም መሣሪያ ጥፋቱን ለያችሁ።

ስፒከር ለብቻው የምትቀጥሉ ደግሞ ሁለት ቃላት ለዩ። «አውት» ማለት መውጫ ነው፤ «ኢን» ማለት መግቢያ ነው። ድምፅ ከቴሌቪዥኑ መውጫ ወጥቶ ወደ ስፒከሩ መግቢያ ይገባል። መውጫን ከመውጫ ብታገናኙ ድምፅ አይኖርም። ስትሰኩም የስፒከሩን ድምፅ አስቀድማችሁ ቀንሱ።

ጥንቃቄ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልሆነ ባለሙያ ጥሩ። ግን «ሜኑው ይታያል፤ የጠፉት ሁሉም ጣቢያዎች ናቸው፤ የዲሹን ገመድ አይቼዋለሁ» ብላችሁ ንገሩት። እንዲህ የሚናገርን ሰው ላልተበላሸ ዕቃ ገንዘብ ማስከፈል ይከብዳል።

ማታና በዝናብ ጣሪያ ላይ አትውጡ። የዲሽ ብረት የመብራት ሽቦ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ሽቦው ቅርብ ከሆነ በቀንም አትውጡ። መብረቅ ሲያስፈራ ስፒናዎቹን ቀድማችሁ ንቀሉ። የቴሌቪዥኑን ጀርባ በካቻቢቴ አትክፈቱ፤ በተለይ የዱሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል።

የቤት ሥራ

አሁን ማንበብና መጻፍ ጀምራችኋል። ታዲያ ፊደሉን ሥራ እንስጠው። ቴሌቪዥኑ ደህና በሚሠራበት ቀን ትናንሽ ወረቀት ቁረጡ። በአንዱ ላይ «ከዲሽ» ብላችሁ ጻፉ። በሌላው «ምስል»፣ በሌላው «ድምፅ»፣ በሌላው «ወደ ስፒከር» ብላችሁ ጻፉ። በየገመዱ ጫፍ ላይ በናስትሮ ለጥፉ። ገመድ የወለቀ ዕለት የት ይገባ እንደነበር ሰው አትጠይቁም፤ የገዛ እጃችሁ ጽሑፍ ይነግራችኋል።

ጎረቤቴ ክንዳቸው ከዳነ በኋላ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ገብተዋል። በቀደም ቤታቸው ብሄድ በቢጫው ገመድ ላይ ጠመም ባለ ጽሑፍ «ምስል» የሚል ተለጥፎ አየሁ። «መሰላሉስ የት ደረሰ?» አልኳቸው። «ለበጋ ነው» አሉና ሳቁ።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ደህና ሰንብቱ።