ሥዕሉን የሣለው እጅ

ሰው አንድ መልካም ሥራ ባየ ጊዜ ሠሪውን ለማወቅ መመኘቱ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። ጥሩ ወጥ የበላ እንግዳ ባለሙያዪቱ ማን እንደ ሆነች ይጠይቃል፤ ያማረ ጥልፍ ያየችም ሴት የጠለፈው ማን እንደ ሆነ ሳትጠይቅ አታልፍም። መጽሐፍን በተመለከተ ግን ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ ረስተነዋል። ልጆቻችንም መጽሐፍ ማለት ቀድሞ የሞቱ ሰዎች ትተውልን የሄዱት ነገር ይመስላቸዋል። ዛሬ ለውድ አንባብያን ላወጋ የምሻው ስለዚሁ ነው።

እኔ በልጅነቴ የድቁና ትምህርት ስማር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በተርታ የተሣለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ታሪክ እያየሁ ብዙ ጊዜ ዜማው ያመልጠኝ ነበር። አንድ ቀን የኔታን፦ «ይህን የሣለው ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፦ «ያሠራው ከግርጌ ተሥሏል፤ የሣለውን ግን እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉኝ። እውነትም በጥንት ሥዕሎቻችን ያሠሪው መልክና ስም ሲገኝ፣ የሠዓሊው ስም የሚገኘው ከስንት አንድ ነው። ይህ ትሕትና ለቤተ መቅደስ ያምራል። በተማሪ ቤት ግን የሠሪው መሰወር ጉዳት እንዳለው የተረዳሁት እጅግ ዘግይቼ ነው።

በክብረ መንግሥት፣ በሌላ ስሟ በአዶላ፣ አማርኛ ሳስተምር አንድ ዝምተኛ ልጅ በክፍሌ ነበረ። ትምህርት ስሰጥ አንገቱን ደፍቶ በደብተሩ ላይ ይሥላል። ሁለት ጊዜ ገሠጽሁት፤ በሦስተኛው ደብተሩን ነጥቄ በክፍሉ ፊት አቆምሁትና፦ «ወረቀት የሚገዛው በገንዘብ ነው» ብዬ ተናገርሁት። ደብተሩን ሳልመለከተው በጠረጴዛዬ መሳቢያ ቆለፍሁበት። ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሣለም። እኔም ተግሣጼ ፍሬ ያፈራ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ዘመዴ ሁለት መጻሕፍት ላከልኝ። አንደኛው ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ በ2011 ዓ.ም. ያወጣው «ጀምበር» ነበር። በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ አንድ ወጣት ልዩ ኃይል አግኝቶ ጀግና ሲሆን የሚያሳይ የሥዕል ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ሳየው እንግዳ ነገር መሰለኝ። ኋላ ግን ልብ ብዬ ስመለከተው የማውቀው ነገር ሆኖ አገኘሁት። የተአምረ ማርያም መጻሕፍታችን አንዱን ተአምር በየክፍሉ ከፋፍለው በሥዕል ያሳዩ የለምን? የአዲስ አበባ ሠዓልያንስ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ሣጥኖች ከፍለው ሲሥሉ አልኖሩምን? ኮሚክ የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ዋናው ልዩነት የተናጋሪው ቃል ከአፉ አጠገብ በደመና መሳይ ክብ ውስጥ መጻፉ ነው።

ይህ ነገር ሲገባኝ መሳቢያዬ ትዝ አለኝ። ከፍቼ ደብተሩን ገለጥሁ። ልጁ የሣለው ዝም ብሎ ጭረት አልነበረም። በስድስት ሣጥኖች የተከፈለ ታሪክ ነበር። አንድ ሰው ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ይወጣል፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ አፈሩን ተሸክሞ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ በገበቴ ያጥባል፤ ገበቴውን ወደ ዓይኑ አቅርቦ ይመለከታል። በአምስተኛው ሣጥን ፊቱ ወድቋል። ስድስተኛው ባዶ ነበር። የልጁ አባት እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ሰዎች ወርቅ አጣቢ መሆኑን አውቃለሁ። ልጁ ታሪኩን ሳይጨርስ ደብተሩን የነጠቅሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው መጽሐፍ «ሞኙ ማሞ» ነበር። አሮጌውን ተረት የተረኩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ፣ ሥዕሉን የሣለው ደግሞ ቦጋለ በላቸው ነው። በክፍል ሳነብላቸው አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፦ «መምህር፣ ይህን የሠሩት ሰዎች በሕይወት ያሉ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሎቹ ሳቁባት። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የኔታን የጠየቅሁት ጥያቄ ተመልሶ ወደ እኔ መጥቷልና።

አቶ ዮሐንስ የተወለዱት ከእኛ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚርቀው በነገሌ ቦረና መሆኑን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ነገሌን የማያውቅ ልጅ በመካከላቸው የለምና። አባታቸው ያልተማሩ የከብት ነጋዴ ሲሆኑ፣ ልጃቸው ግን እንዲማር አጥብቀው የፈለጉ ሰው ነበሩ። አቶ ዮሐንስ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጡት በ19 ዓመታቸው ነው። ኋላ በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ። በዚያም በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ በማጣታቸው ይህን በሁለት ቋንቋ የታተመ መጽሐፍ አወጡ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰውም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ በመኖሪያ ቤታቸው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በአዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ።

በሌላው ዓለም የሥዕል ታሪክ ወዳጆች በዓመት በዓመት እየተሰበሰቡ የሚወድዷቸውን ሠዓልያንና ደራስያን ፊት ለፊት የሚያገኙበት ጉባኤ አላቸው። ሠዓሊው ከጠረጴዛው በስተኋላ ይቀመጣል፤ አንባቢው ተራውን ጠብቆ ይቀርብና መጽሐፉን ያስፈርማል፤ የልቡንም ይጠይቃል። በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ ከተማ የሚደረገው ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሚገኝበት ቢሆንም፣ በ1962 ዓ.ም. ሲጀመር በአንድ ሆቴል ውስጥ የተሰበሰቡት ሦስት መቶ ያህል ሰዎች ነበሩ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፦ «እኛስ ሠላሳ ብንሆን ምን ይለናል?» አልሁ።

ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመማሪያ ክፍላችን ተሰበሰብን። እንግዶቻችን ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው በከተማችን የሱቆችን ማስታወቂያ የሚሥል ወጣት፣ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥሉ ሽማግሌ። ልጆቹ በየቀኑ የሚያልፉበትን የዳቦ ቤት ሥዕል የሣለው ይህ ወጣት መሆኑን ሲሰሙ እንደ ትልቅ ሰው ተመለከቱት። ሽማግሌው ደግሞ ያማረውን ሥራቸውን ትተው የተበላሸውን አመጡ። አንዱን ፈረስ ሰባት ጊዜ ሥለው ሰባት ጊዜ ያበላሹበትን ወረቀት በየእጁ አዞሩት። ልጆቹን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቃቸው ይህ ነበር፤ የሚያደንቁት ሠዓሊም እንደ እነርሱ ይሳሳታልና።

ከዚያም ሽማግሌው፦ «ከእናንተ የሚሥል ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ ኋላ ዞረው ያንን ልጅ አመለከቱ። እርሱ ግን ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ፦ «ትቻለሁ» አለ።

ያ አንድ ቃል ልቤን ወጋኝ። ተነሥቼ ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣሁና፣ ባቆምሁት ሥፍራ ላይ እኔ ራሴ ቆሜ፦ «ይህን የነጠቅሁት ሳላየው ነው፤ ተሳስቻለሁ» ብዬ መለስሁለት። መምህር በተማሪ ፊት ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር፤ እንዳልቀነሰ ግን ከፊታቸው አነበብሁ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አምስቱን ሣጥኖች ቀስ ብለው ተመለከቱ፤ ጣታቸውንም በባዶው ላይ አሳርፈው፦ «ልጄ፣ አባትህ ከዚህ በኋላ ምን አደረገ?» አሉት።

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፦ «ወደ ቤት መጣ። እናቴ ቡና አፍልታ ቆየችው» አለ። ሽማግሌው እርሳሳቸውን ሰጡት። ሌላው ልጅ ሁሉ በዙሪያው ቆሞ እያየ ስድስተኛው ሣጥን በዚያው ተሞላ።

ውድ ወላጆች፣ ለልጅዎ መጽሐፍ ሲገዙለት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን የደራሲውንና የሠዓሊውን ስም አብራችሁ አንብቡ፤ ከየት እንደ ተነሡም ብታውቁ ንገሩት። በየከተማው የሚሥል፣ የሚጽፍ፣ ተረት የሚያውቅ ሰው አይታጣም፤ አንድ ሰዓት ቢለምኑት ደስ እያለው ይመጣል። ልጅዎም በደብተሩ ኅዳግ ላይ ሲሥል ቢያገኙት፣ ከመቆጣት አስቀድመው ምን እንደ ሣለ ይጠይቁት። ለጥናት ጊዜ፣ ለሥዕልም ጊዜ መለየት ይቻላል። አንድ ጊዜ «ትቻለሁ» ያለውን ልጅ መመለስ ግን ለሁሉ አይገጥምም። እኔ የገጠመኝ አንድ ደግ ሽማግሌ እርሳሳቸውን ይዘው ስለ መጡ ነው።