ትኩስ ቡና፣ ሩዝ ላይ

በፊሊፒንስ፣ ከማኒላ በስተደቡብ በምትገኘው የባታንጋስ ክፍለ ሀገር፣ በአንዳንድ ቤት ቁርስ ሲቀርብ መጀመሪያ ሩዝ ይመጣል፤ ቀጥሎ በጨው የደረቀ ዓሣ፤ ከዚያ ቡና። በላተኛው ኩባያውን ያነሳና ትኩሱን ቡና ሩዙ ላይ ያፈስበታል። ቡናው በነጩ ሩዝ መሀል ሰርጎ ይወርዳል፤ ሩዙም ጠይም ሆኖ ይርሳል። ከዚያ እንደ ሾርባ በማንኪያ ይበላል፣ በየመሀሉ ዓሣው እየተቆረሰ።

ይህን የሰማ አበሻ ፊቱ ቢጨማደድ አይገርምም። ቡናን መብላት ግን ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሮሚያ የቡና ፍሬ በቅቤ ተጠብሶ ይበላል፤ ቡና ቀላ ይሉታል። ገጠር ወጣ ስንልም በስኳር ፋንታ ጨው ጣል የተደረገበት ቡና የሚቀዳልን ቤት ብዙ ነው።

የባታንጋሱ ቡና ባራኮ ይባላል። ቃሉ በታጋሎግ ቋንቋ ለዘር የሚያዝ ወንድ እንስሳ ማለት ነው፤ ኃይለኛ ወንድም ይጠራበታል። ስሙ የተሰጠው ለብርታቱ ቢሆንም፣ በካፌይን ግን ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዝርያ ይበልጠዋል። ዝርያው ሊቤሪካ ነው፤ መነሻው ምዕራብ አፍሪካ። ከእኛው አረቢካ ጋር ቢዛመድም መልኩ ሌላ ነው። አረቢካ የሁለት ዝርያዎች የተፈጥሮ ዲቃላ በመሆኑ 44 ክሮሞዞም አለው፤ ሊቤሪካ 22 ብቻ። ዛፉ ካልተገረዘ እስከ 20 ሜትር ስለሚያድግ ለቃሚው መሰላል ያስፈልገዋል። ፍሬው ትልቅ፣ ሥጋው ወፍራም ነው። ቆላም ይስማማዋል፤ ሙቀት እየጨመረ በሄደበት በዚህ ዘመን ተመራማሪዎች ዳግም ዓይናቸውን የጣሉበት ለዚህ ነው።

ሊፓ የተባለችው የባታንጋስ ከተማ በቡና ገንዘብ ከብራ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ከስፔን ዘውድ የማዕረግ ስም ተቀብላ ነበር። በ1889 ግን የቡና ቅጠል ዋግ ገብቶ ማሳዎቿን አወደማቸው። ዋግ ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉን ከሥሩ ብርቱካንማ ዱቄት አልብሶ ያረግፈዋል።

ወደ ሳህኑ እንመለስ፤ እኔን የሚማርከኝ እሱ ነው። ምላስ ላይ መራራነትን የሚለዩ ተቀባዮች አሉ። ከጨው የሚወጣው ሶዲየም የብዙ መራራ ነገሮችን ጣዕም ያደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ሰዎችን ዩሪያ የሚባል መራራ ነገር ከስኳር ጋር አስቀመሳቸው። የሶዲየም ጨው ሲጨመርበት መራራነቱ ቀነሰ፣ ተሸፍኖ የነበረው ጣፋጭነት ደግሞ ጎልቶ ወጣ። የባታንጋስ ዓሣ ለባራኮ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የእኛ ባልቴቶች ጨው ሲጨምሩም ያለ ቤተ ሙከራ የደረሱበት እውቀት ይኸው ነው። ሩዙ በበኩሉ የራሱ ጣዕም ለዘብ ያለ ስለሆነ የቡናውን ኃይል ያረጋጋዋል።

ባራኮ ወደ ጣፋጭም ይገባል፤ ሌቼ ፍላን ከሚባለው በእንቁላልና በወተት ከሚሠራ ጣፋጭና ከአይስክሬም ጋር ይዋሐዳል። ቡናን ቡና ከሚያሰኙት የሽታ ውህዶች ብዙዎቹ ከውኃ ይልቅ በስብ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟሉ። ስለዚህ ወተቱና እንቁላሉ ሽታውን ይዘው አፍ ውስጥ ቀስ እያሉ ይለቁታል። ቡና ቀላ ላይ ቅቤው የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው።

አፈላሉ ቀላል ነው። የተፈጨው ቡና በድስት ውኃ ይፈላል፤ ከዚያ አተላው እስኪዘቅጥ ይጠበቃል ወይም በጨርቅ ይጠለላል። ሩዝ ላይ ለሚፈሰው ቡና ግን መጠበቁ ግድ ነው፤ አተላ የገባበት ሩዝ ጥርስ ሥር እንደ አሸዋ ይሻክራል።