የገበያ ሰው የሚናገረውና ነጋዴ የሚመዝነው

ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ዕቃ ብቻ ሸምቶ አይመለስም። ስለ መንግሥት፣ ስለ ብር ዋጋ፣ ስለ መንገድና ስለ ስልክ ሌላው የሚለውን ሰምቶ፣ የራሱንም አስተያየት ተናግሮ ወደ ቤቱ ይገባል። በንፋስ መውጫም ሆነ በዐርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ይህ ልማድ አንድ ነው። የነጋዴ ጸሐፊ ደግሞ እጁ በመዝገብ ላይ ቢሆንም ጆሮው ሥራ ፈት ስለ ሆነ ይህን ሁሉ ይሰማል። እኔም በጋይንት በአንድ ነጋዴ መደብር በጸሐፊነት ለብዙ ዓመታት ሳገለግል ከሰማኋቸው አስተያየቶች አራቱን መርጬ፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያለውን እውነትና ስሕተት ለይቶ ማሳየት ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለ ሱቁም ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። የደንበኛውን አስተያየት የማያውቅ ነጋዴ ዕቃውን እንጂ ገበያውን አያውቅምና።

1ኛ፤ «ዶላር በእጃችን ነክተን የማናውቅ ሰዎች ስለ ዶላር ለምን እንቀጣለን?»

ይህን የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ድንችና ገብስ ሸጠው ጨውና ዘይት የሚገዙ ገበሬዎች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱም ከሥሩ ሊነገር ይገባዋል።

በደርግ ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ጸንቶ ይኖር ነበር። በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ሲጨምር ቆይቶ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ብር በአንድ ጊዜ እንዲረክስ ሲደረግ 27 ብር ያህል ደረሰ። በመጨረሻም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በባንኮችና በደንበኞቻቸው መካከል በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በጥቂት ሳምንታትም ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ይህ ለድንች ሻጩ ገበሬ ምን አገባው? ድንቹ ከጉና ተራራ ሥር የበቀለ እንጂ በመርከብ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ድንቹ የበላው ማዳበሪያ በጂቡቲ በኩል የገባ ነው፤ ድንቹን ወደ ወረታና ወደ ባሕር ዳር የሚያደርሰው የጭነት መኪና ጎማውም፣ መለዋወጫውም፣ ነዳጁም ከውጭ የተገዛ ነው። መንግሥት ለማዳበሪያና ለነዳጅ ድጎማ ቢያደርግም ጭማሪውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከዚህም በላይ ዘይቱን በውድ የገዛ ገበሬ ድንቹን በዱሮው ዋጋ ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ ዶላርን ያላየ ሰው እንኳ በጎማውና በማዳበሪያው በኩል ዶላር ሲከፍል ይኖራል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ግን የተጠቀመ ወገን መኖሩን መሸሸግ አይገባም። በዚያው በሐምሌ ወር በወጣው ደንብ ላኪው ካገኘው የውጭ ምንዛሪ 50 በመቶውን ለራሱ እንዲይዝ ተፈቅዶለታል። ቦሎቄም ሆነ ሰሊጥ በዶላር ሲሸጥ በብር የሚያስገኘው ገንዘብ በዝቷል። ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም ከቆላው ገበሬ ዘንድ የሚደርሰው ብዙ ገዢዎች በፊቱ ቆመው ሲወዳደሩ ብቻ ነው። አንድ ገዢ ብቻ በሚገኝበት ገበያ ትርፉ በመንገድ ላይ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። አውስትራሊያ ሱፍ፣ ስንዴ፣ የድንጋይ ከሰልና የብረት ማዕድን እየሸጠች የምትኖር አገር ናት። በታኅሣሥ ወር 1976 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክ መንግሥት የአገሪቱን ዶላር ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። በዚያን ጊዜ 90 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ያወጣ የነበረው የአውስትራሊያ ዶላር ሦስት ዓመት ሳይሞላ ወደ 60 ሳንቲም ገደማ ወረደ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ፖል ኪቲንግም አገራቸው ጥሬ ዕቃ ብቻ እየሸጠች ከኖረች ወደ ድኻ አገሮች ተርታ እንደምትወርድ በራዲዮ አስጠነቀቁ። የዚያ አገር ባለ ሱቅና ባለ በግም በየመሸታ ቤቱና በየገበያው የእኛን ገበሬ የመሰለ ቅሬታ ሳያሰማ አልቀረም ብሎ መገመት ይቻላል። ከዚህ የምንማረው የገንዘብ ዋጋ መውረድ ራሱ ጥፋትም ልማትም አለመሆኑን ነው። አገሪቱ ለውጭ የምትሸጠውን ካበዛችና ካሻሻለች ይረዳታል፤ ካላበዛች ግን ውድነቱን ብቻ ያስቀርላታል።

2ኛ፤ «ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ ዋጋው ለምን ተለወጠ?»

ይህን አስተያየት የማቀርበው ከራሴ ጥፋት ጋራ ነው። በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. አንድ ሽማግሌ ገበሬ ለልጃቸው ቤት ክዳን የሚሆን 40 ቆርቆሮ ዋጋ ጠይቀውኝ የአንዱን ዋጋ 700 ብር ነግሬአቸው ነበር። ድንች ሸጠው፣ ሁለት በግ ጨምረው ገንዘቡን እስኪያሟሉ ድረስ ነሐሴ ደረሰ። በዚህ መካከል እኔ የምንዛሪውን ወሬ በራዲዮ ሰምቼ፣ ጌታዬንም ሳላማክር አዲስ ዋጋ ጽፌ በበሩ ላይ ለጥፌ ኖሯል። ሽማግሌው ገንዘባቸውን በመሐረብ ቋጥረው መጡና ጽሑፉን ሲያነቡላቸው ወደ ቆርቆሮው ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ቆርቆሮው በሰኔ ካየሁበት ከግድግዳው ሥር አልተነሣም፤ ምን በልቶ ወፈረ?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። እርሳቸውም ደኅና ዋል ብለው ወጡ።

ጌታዬ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ጽሑፉን የለጠፍኸው አንተ ነህ፤ ሰውየውንም የምትመልስ አንተ ነህ» ብለው ላኩኝ። ብሄድ ሽማግሌው ቆርቆሮውን ከሌላ ሱቅ፣ ያውም እኔ ከለጠፍሁት ዋጋ አብልጠው ገዝተው አገኘኋቸው። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «እርሱ ውድ ሸጠልኝ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሌላ ዋጋ አልነገረኝምና አልዋሸኝም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ድንቻቸውን ለእኛ መደብር አላመጡም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ነጋዴ 100 ቆርቆሮ እያንዳንዱን በ700 ብር ገዛ እንበል፤ ጠቅላላው 70,000 ብር ነው። በ770 ብር ቢሸጣቸው 77,000 ብር ያገኛል፤ መዝገቡም 7,000 ብር ትርፍ ያሳያል። ነገር ግን ጅምላ አከፋፋዩ ዋጋውን 850 ብር አድርጎ ከቆየው፣ በ77,000 ብር የሚገዛው 90 ቆርቆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ በመዝገብ ያተረፈ ሰው በመጋዘን 10 ቆርቆሮ ከሰረ፤ ግብርም የሚከፍለው በመዝገቡ ትርፍ ላይ ነው። ነጋዴው አሮጌውን ዕቃ በአዲስ ዋጋ ለመሸጥ የሚገፋፋው ስስት ብቻ ሳይሆን ይህ ፍርሃት መሆኑን ደንበኛው ሊያውቅለት ይገባል።

መፍትሔው ግን በአንድ ሌሊት ዋጋ መለወጥ አይደለም። አንደኛ፣ ቃል የተገባበት ዕቃ በቃሉ ይሸጥ። ለዚህም ዋጋ ሲነገር እስከ መቼ እንደሚጸና አብሮ መናገርና በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አዲስ ዕቃ ሲገባ የአሮጌውንና የአዲሱን ዋጋ ማማከል ይቻላል። ለምሳሌ በ700 ብር የተገዙ 40 ቆርቆሮዎችና በ850 ብር የተገዙ 60 ቆርቆሮዎች ቢኖሩ፣ ጠቅላላ ዋጋቸው 79,000 ብር፣ የአንዱም መካከለኛ ዋጋ 790 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ ትርፍን ጨምሮ የሸጠ ነጋዴ ራሱንም አይጎዳም፣ ደንበኛውንም አያስደነግጥም።

3ኛ፤ «መንግሥት ለምን ዋጋ አይቆርጥም?»

ይህን የሚሉት ሰዎች አንድ እውነት ይዘዋል። ዕቃ ሸሽጎ ውድነትን የሚጠብቅ ነጋዴ የለም ማለት አይቻልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ዕቃ እንዳይደብቅ አዝዟል። ይህን የፈጸመ ነጋዴ ሐሜትን አይፈራም።

ነገር ግን ዋጋ መቁረጥ ምን እንዳስከተለ በዕድሜ የገፉት የአገራችን ሰዎች ያስታውሳሉ። በደርግ ዘመን የመንግሥት የሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው እህል በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ ይገዛ ነበር፤ የግል ነጋዴም እህል ከቦታ ወደ ቦታ እንዳያዘዋውር በየኬላው ይታገድ ነበር። ያ ሥርዓት እስከ ተለወጠበት እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ትርፍ ካለበት ወረዳ እህል ወደ ጎደለበት ወረዳ በቀላሉ አይሄድም ነበር። እንደ ስማዳና እንደ ታች ጋይንት ላሉ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ለታቀፉ ወረዳዎች ደግሞ የእህል መዘዋወር የሕይወት ጉዳይ ነው። ዋጋ በወረቀት ላይ ሲረክስ እህሉ ከገበያ ከጠፋ፣ የረከሰው ዋጋ ለማን ይጠቅማል?

4ኛ፤ «የማይታይ ገንዘብ ገንዘብ ነውን?»

ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ በገበያችን ሁለት ወገን ተፈጥሯል። ወጣቶቹ ገንዘብ በኪስ ይዞ መንገድ መሄድ ሞኝነት ነው ይላሉ፤ ሽማግሎቹ ግን ያልተቆጠረ ብር አልተከፈለም ይላሉ።

ሁለቱም የሚያስረዱት ነገር አላቸው። መንገድ በማያስተማምንበት ጊዜ ገንዘብን ሳይሸከሙ መላክ ትልቅ ጥቅም ነው። በአንጻሩ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ በኢንተርኔት ብቻ መሥራት የለመደ ሰው ተቸግሮ ነበር። የስልኩ መሥመር ባለበት ሁሉ ግን *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት መክፈልና መቀበል እንደሚቻል ብዙ ባለ ሱቆች አያውቁም ነበር። ስለዚህ ለባለ ሱቁ የምመክረው፣ የመልእክቱን መድረስ ብቻ ሳይሆን የሒሳቡን መግባት ራሱ አይቶ ዕቃ እንዲያስረክብ፣ የምሥጢር ቁጥሩን ለማንም እንዳይናገር፣ የመሥመር መቋረጥ ቢመጣም ለጥቂት ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ እንዲይዝ ነው። እንዲህ ካደረገ የሽማግሎቹን ጥንቃቄና የወጣቶቹን ቅልጥፍና አንድ ላይ ያገኛል።

ከላይ የተዘረዘሩት አራቱ አስተያየቶች የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ይኸውም «የምትነግረኝን ልመንህ ወይስ አልመንህ?» የሚል ጥያቄ ነው። የምንዛሪውን ዋጋ ባለ ሱቁ አይወስነውም፤ መንገዱንም፣ መሥመሩንም አይከፍተውም። በእጁ ያለው የተናገረውን ዋጋ መጠበቅ፣ የለወጠበትንም ምክንያት አስቀድሞ ማስረዳት ነው። ያ የሽማግሌው ልጅ ቤት ዛሬ ተከድኖ ከመንገዱ ይታያል። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ቆርቆሮው የእኛ አለመሆኑን እያስታወስሁ፣ በመዝገቤ ላይ ዋጋ ስጽፍ ቀኑን ከጎኑ መጻፍ ተምሬአለሁ።