ያውቁ ኖሯል? 20 ደቂቃ ያነበበ ጎብኚ "0 ሰከንድ" ተብሎ ይመዘገብ ነበር

ጉግል አናሊቲክስ የድረ ገጽ ጎብኚዎችን የሚለካ ሶፍትዌር ነው። በቀድሞው አሠራሩ እርስዎ አንድ ገጽ ብቻ ከፍተው 20 ደቂቃ ሙሉ አንብበው ቢወጡ፣ ቆይታዎን የሚመዘግበው 0 ሰከንድ ብሎ ነበር።

ነገሩ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። የድረ ገጹ ባለቤት ሌላ መለኪያ ካልጨመረበት በቀር ሶፍትዌሩ ሰዓት የሚይዘው ገጽ በተከፈተ ቁጥር ነበር፤ ቆይታዎን የሚያሰላውም ሁለተኛው ገጽ ከተከፈተበት ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን በመቀነስ ነበር። ሁለተኛ ገጽ ካልከፈቱ የሚቀነስ ነገር አልነበረም። ይባስ ብሎ ጉብኝትዎ ገብተው ወዲያው ከወጡት ጋር ይቆጠር ነበር። ብዙ ደክሞ ረጅም ጽሑፍ በአንድ ገጽ ለሚያወጣ ሰው ይህ እውነተኛ በደል ነበር፤ እስከ መጨረሻው መስመር የዘለቀው አንባቢ፣ ተሳስቶ ከገባው ጋር አንድ ሆኖ ይታይ ነበር።

ነጻው የቀድሞ ዕትም ከሐምሌ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ መረጃ መቀበል አቁሟል። የተካው ጉግል አናሊቲክስ 4 (ጂኤ4) ገጹ ስክሪንዎ ላይ ከፊት ሆኖ የቆየበትን ጊዜ ይለካል፤ ከ10 ሰከንድ በላይ የዘለቀ ጉብኝትም፣ አንድ ገጽ ብቻ የታየበት ቢሆን እንኳ፣ ትኩረት የተሰጠው ተብሎ ይመዘገባል።