ላሚቱ ማመስኳት ስትተው

በአገር ቤት ለከብቶቻችን አሞሌ ጨው እናልስ ነበር። እዚህ በረፈት፣ ማለትም በወተት ላሞች በረት፣ ሥራ የጀመራችሁ ደግሞ ከመኖው ጋር ነጭ ዱቄት ሲደባለቅ ታዩ ይሆናል። ይህም በዕብራይስጥ ሶዳ ለሽቲያ የሚባለው ነው።

እህል የበዛባት ላም በጨጓራዋ አሲድ ይበዛል። ማመስኳት ትተዋለች፤ እበቷ ይቀጥናል፤ ወተቷ ይቀንሳል፤ ሲብስም ትሞታለች። ሶዳው አሲዱን ያበርዳል። ለአንዲት ላም በቀን ከ150 እስከ 250 ግራም ያህል ይሰጣል። ሆኖም ድርቆሽን አይተካም፤ ድርቆሽ ስታመሰኳ የሚመነጨው ምራቋ ራሱ አሲድ ያበርዳልና።

ስለዚህ ላሚቱ አሳዝናችሁ እህል እንዳትጨምሩላት እንመክራለን። ማመስኳት ካቆመችም ዕብራይስጡ ቢቸግራችሁ ዝም አትበሉ፤ ኃላፊውን ጠርታችሁ በእጃችሁ አሳዩት።