ቅርሱ የጋራ ከሆነ እንጀራውም የጋራ ይሁን

ውድ አንባቢ፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ተገኝተው ያውቃሉ? ካልሆነ እስቲ በዓይነ ሕሊናዎ አብረን እንሂድ። ከየገጠሩ ፈረሰኛው ይጎርፋል። ፈረሶቹ በግላስና በጥልፍ አጊጠዋል። ሽበት የወረሰው አባት ከልጅ ልጁ ጎን ለጎን ይጋልባል። ሽምጥ ግልቢያውና ጉግሱ ሲደራ የሜዳው አቧራ ሰማይ ይነካል። ይህ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር ዓመታዊ በዓል ነው።

ማህበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱ አባቶችንና አብረዋቸው የዋሉትን ፈረሶች ያስባል። አባላቱ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። ደግሞም የአንድ ቀን ማህበር አይደለም። በአዊ ምድር ፈረስ በሠርግም በለቅሶም ይቆማል፤ ሙሽራ ያጅባል፣ የሞተውንም ይሸኛል።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሳ። በዓሉ ሲያበቃ ከሩቅ የመጣው እንግዳ ፎቶግራፉን ይዞ ይመለሳል። የሆቴሉ ባለቤትና ባለመኪናው የድርሻቸውን አግኝተዋል። ዓመቱን ሙሉ ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ ፈረሱን ገብስ ያበላው ገበሬ ግን ምን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ? ግላሱን በእጇ የጠለፈችው እናትስ?

በደጃችን ያለው ሀብት

አዊ ብዙ የተሰጠው ምድር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ እንጅባራ ሊደርሱ ሲሉ ዘንገና ሐይቅን ያገኛሉ። ከጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብና ጥልቅ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያውን ደን ከቦታል። በደጋው ቀርከሃ ይበቅላል፤ የቀርከሃው ባለሙያ ከእርሱ ወንበርና ቅርጫት ይሠራል። የሕዝቡ ቋንቋ አውንጊም ራሱ ትልቅ ቅርስ ነው።

ዳንግላም የራሷ ታሪክ አላት። ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ከ1918 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት ያህል በዚያች ከተማ የአገሩ ቆንስል ነበር። ከዚያ እየተነሣ የጣናንና የዓባይን ዙሪያ በበቅሎ ተጉዞ ያየውን በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉን ዓለም ያውቀዋል። በቅሎውን የጫኑለትና ድንኳኑን የተከሉለት ሰዎች ግን ስማቸውን የሚያነሣ የለም። የጉብኝት ነገር በአገራችን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ተጓዡ ይጠቀሳል፣ ያስተናገደው ይረሳል።

ጉዳዩ የኑሮም ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ብዙ ቤተሰብ ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ልጆቹን አስተምሯል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉን ዝገት መሰል በሽታ መታው። በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ምሰሶው ሲታመም ምን እንደሚሆን ያኔ ታየ። ስለዚህ ለቤቱ ሁለተኛ ምሰሶ መፈለግ ብልህነት ነው።

ሌሎች እንዴት ሠሩት?

በዚያው በአማራ ክልል፣ ሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ “ተስፋ” በሚል ስም የሚታወቅ የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ተጀመረ። በገደሉ አፋፍ ላይ የሣር ክዳን ጎጆዎች ተሠሩ። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ እየተጓዘ በጎጆዎቹ ያድራል። ዕቃውን የአካባቢው አህያ ይጭናል፤ መንገዱን የአካባቢው ሰው ይመራል፤ ምግቡም እዚያው ይበስላል። ሥራውን የሚቆጣጠረው ነዋሪው ራሱ የመረጠው ኮሚቴ ነው። ከገቢውም ለማኅበረሰቡ የሚቀር ድርሻ አለ።

በኦሮሚያ ደግሞ የወንጪ ሐይቅን እንመልከት። ባለ ፈረሶች፣ ጀልባ ቀዛፊዎችና አስጎብኚዎች ተደራጅተው እንግዳን በተራ ማስተናገድ ጀመሩ። ተራ ማለት ቀላል ነገር ሊመስልዎ ይችላል። ነገር ግን ተራ በሌለበት ቦታ ምን እንደሚሆን ያስቡ። አንድ እንግዳ ከመኪና ሲወርድ ሃያ ወጣት ይከበዋል፤ አንዱ በሌላው ላይ ዋጋ ይሰብራል፤ ጠብ ይነሣል፤ እንግዳውም ዳግመኛ አይመጣም። ተራ ሲኖር ጉልበት የሌላት መበለት ፈረስም እንደ ጎረምሳው ፈረስ ቀኑን ጠብቆ ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. ወንጪ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ኅብረት ሥራ ሲባል የሚደነግጡ አሉ

“የኅብረት ሥራ ማህበር” የሚለው ስም አንዳንድ አባቶቻችንን ያስደነግጣል። እውነት አላቸው። በደርግ ዘመን ገበሬው መሬቱንና በሬውን ወደ አምራቾች ማህበር እንዲያስገባ ተገዷል። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ብዙዎቹ ማህበራት ወዲያው መፍረሳቸው ሰው በልቡ እንዳልነበረበት ያሳያል።

እውነተኛው የኅብረት ሥራ ግን ሥሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ 28 ሠራተኞች ከጥቂት ደመወዛቸው አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥ አነስተኛ ሱቅ ከፈቱ። ያልተጭበረበረ ሚዛን፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ፣ ትርፍም ለአባላቱ የሚል መመሪያ ያዙ። በአገራችንም በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147፣ ኋላም በ2009 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 985 በፈቃደኝነት ላይ የቆሙ ናቸው። አንድ ፈረስ ያለውም አምስት ፈረስ ያለውም በጉባኤው ላይ ድምፁ እኩል ነው።

ዕድርና ወንፈል ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ባዕድ ትምህርት አይደለም። ፈረሰኞቹ መሰብሰብን፣ መሪ መምረጥንና መተሳሰብን ቀድሞውኑ ያውቃሉ። የሚጨመረው ሒሳብ፣ ደረሰኝና የጋራ ገበያ ነው።

ማህበር የሚፈርሰው ከምን የተነሣ ነው?

ብዙ ማህበር የሚፈርሰው ገንዘብ ስላጣ አይደለም፤ መተማመን ስላጣ ነው። ገንዘብ ያዡ ብቻውን ሲያውቅ፣ ሊቀመንበሩ ዘመዶቹን ሲያስቀድም፣ ቃለ ጉባኤው ሳይጻፍ ሲቀር ሐሜት ይገባል።

እዚህ ላይ ቃሉን እንመልከት። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ወንድሞች አብረውት እንዲጓዙ አደረገ። ምክንያቱን ሲገልጽ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይገኝ መጠንቀቁን ይነግረናል። ጳውሎስን የመሰለ የእግዚአብሔር ሰው ምስክር ካስፈለገው፣ እኔና እርስዎማ ምንኛ! ለገቢ ሁሉ ደረሰኝ መቁረጥ፣ በየወሩ ሒሳቡን በአባላት ፊት ማንበብ፣ በውጭ ኦዲተር ማስመርመር የእምነት ማነስ አይደለም፤ ፍቅርን መጠበቂያ አጥር ነው።

አማኝ ከዚህ ጋር ምን አለው?

አንዳንድ ወገኖች “ይህ የዓለም ነገር ነው” ይላሉ። በየወሩ በ23ኛው ቀን ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ቅዱስ ጊዮርጊስን ስለሚያስቡ፣ በጥር 23 በዓል ለመገኘት ሕሊናቸው የሚከብዳቸው አማኞች አሉ። የሮሜ ምዕራፍ 14 ትምህርት አንዱ የሌላውን ሕሊና እንዳይንቅ ነውና አንፈርድባቸውም። ነገር ግን አምልኮን ከጉርብትና እንለይ። የአባቶችን ተጋድሎ ማክበር፣ ፈረስ ማርባት፣ ለእንግዳ መንገድ ማሳየት፣ የሐይቁን ደን መጠበቅ አምልኮ አይደለም። ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ሒሳብ የሚያነብ፣ በታማኝነቱ የታወቀ አማኝ ያለ ስብከት ይሰብካል። ኤርምያስ በምዕራፍ 29 ምርኮኞቹን የሚኖሩባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉ ካዘዛቸው፣ በገዛ ቀዬአችን ያለን እኛማ እንዴት ዳር ቆመን እንመለከታለን?

እንግዳ በሌለበት ጊዜ

እውነቱን እንነጋገር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የጎብኚውን እግር አሳጥሯል። በእንግዳ ብቻ የኖረ ብዙ ቤት ተቸግሯል። ስለዚህ እርሻውን ትቶ ቱሪስት የሚጠብቅ ማህበር አይመከርም። ቱሪዝም ከድንቹና ከገብሱ ጎን የሚቀመጥ ተጨማሪ እንጀራ እንጂ ብቸኛ ማዕድ አይሁን።

ቢሆንም የጭንቅ ጊዜ የመሠረት ጊዜ ነው። እንግዳ እስኪመጣ ደንብ ይጻፋል፤ ወጣቱ የቀዬውን ታሪክ ከአዛውንቱ አፍ ይመዘግባል፤ የቀርከሃ ባለሙያው ልጆችን ያስተምራል፤ የሐይቁ ዳር ይጸዳል። ነህምያ ምዕራፍ 3ን ያንብቡ። የኢየሩሳሌም ቅጥር የታደሰው ብዙዎች በየቤታቸው አንጻር ያለውን ክፍል በመሥራታቸው ነው። ወርቅ አንጥረኛው፣ ነጋዴው፣ ከሴት ልጆቹ ጋር የወጣው አባት ሁሉ ተጽፈዋል። በዚያ መጽሐፍ ሠራተኛው አልተረሳም።

ውድ አንባቢ፣ በእርስዎ ቤት አንጻር ያለው ቅጥር የቱ ነው?

ከቤተሰብዎ ጋር ይወያዩ

1. በአካባቢያችን እንግዳ ሊያየው የሚወደው፣ እኛ ግን ስለለመድነው የናቅነው ምንድን ነው?

2. ያንን የሚጠብቁትና የሚንከባከቡት እነማን ናቸው? ከጥቅሙስ ይደርሳቸዋል?

3. በዕድራችን ወይም በማህበራችን የገንዘብ አያያዝ ላይ በሰው ፊት ነቀፋ እንዳይገኝብን ምን እናሻሽል?

4. ለምድራችን ሰላም በቤታችን ጸሎት የምናደርግበት ሰዓት አለን?

የሰላም አምላክ መንገዱን ይክፈት፤ የእጃችሁንም ሥራ ይባርክ። አሜን።