ያለ ምስማር የሚቆም መስኮት



ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። መስኮት ሲከፈት ብርሃንና ነፋስ ይገባል፤ የጎረቤትና የመንገደኛ ዓይንም አብሮ ይገባል። መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ ቤቱ ይጨልማል፤ እናቶቻችንና እህቶቻችን በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው ይውላሉ። ፀሐይዋ ብርቱ በሆነችው በመቀሌ ከተማ ቤት እየተጠጋጋ ሲሄድ ችግሩ ይበልጥ ይሰማል። ታዲያ ብርሃኑን አስገብቶ ዓይንን የሚመልስ መስኮት ከየት ይገኛል?

ሙስሊሞች በብዙ አገር ለዚህ ጥያቄ በእንጨት መልስ ሰጥተዋል። የካይሮው «መሽረቢያ» በትናንሽ የተሞረዱ እንጨቶች እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው የሚሠራ ፍርግርግ ነው። ቀን ቀን ከውስጥ ያለው ሰው መንገዱን ያያል፤ መንገደኛው ግን ውስጡን አያይም። በነፋሱ መግቢያ ላይ የውኃ እንስራ ይቀመጥ ስለነበር ስሙ «መጠጣት» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ይያያዛል። በጂዳ «ሮሻን» ይባላል። እነዚህ መስኮቶች የሚታዩበት አሮጌው የጂዳ ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሥራው ባሕሩን ተሻግሮ በምጽዋ ቤቶችም ታይቷል። ምጽዋ ደግሞ ለትግራይ ነጋዴ የባሕር በሩ ነበረች።

ከዚህ ሁሉ ርቃ የምትገኘው ጃፓንም ለዚሁ ጥያቄ የራሷ መልስ አላት። «ሾጂ» የሚሉት መጋረጃ በቀጭን የእንጨት ፍርግርግ ላይ ወረቀት ተለጥፎ የሚሠራ ነው። ወረቀቱ «ኮዞ» ከተባለ ተክል የውስጥ ልጣጭ ይዘጋጃል። ልጣጩ በአመድ ውኃ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ በቀርቀሃ ወንፊት ይነሣል። ብርሃን በዚህ ወረቀት ሲያልፍ ለስልሶ በክፍሉ ሁሉ ይበተናል። ሲቆሽሽ ወይም ሲቀደድ ወረቀቱ ብቻ ተልጦ በሩዝ ሙጫ አዲስ ይለጠፋል፤ እንጨቱ ግን ለዓመታት ያገለግላል።

ጌጠኛው ፍርግርግ «ኩሚኮ» ይባላል። ምስማር አይገባበትም። አናጢው አስቀድሞ ቀጫጭን እንጨቶችን በመላጊያ አስተካክሎ እኩል ጎን ያላቸው ሦስት ማዕዘኖች መረብ ያበጃል። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ነው። ቀጥሎ ከየማዕዘኑ ወደ መሐል የሚገቡ ትናንሽ ክፋዮችን በ30 ዲግሪ ሰያፍ ቆርጦ ያስገባል። እነዚህ መሐል ላይ ተገናኝተው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ስድስት ሦስት ማዕዘኖች ሲገጥሙ እንደ ኮከብ ያለ ቅርጽ ይወጣል። በመስጊዶች ግድግዳ ላይ የስድስት ጫፍ ጌጥ ያየ ሰው ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል። ጃፓኖች ግን ይህን የሄምፕ ቅጠል ይሉታል። ተክሉ ቀጥ ብሎ ቶሎ ስለሚያድግ፣ ልጃቸው እንደዚያ እንዲያድግላቸው ሲመኙ ቅርጹን በሕፃናት ልብስ ላይ ያትሙታል።

እኛም ለሙከራ ያህል ሁለት እንጨቶችን በመስቀለኛ ለማጋጠም ሞክረን ነበር። የእያንዳንዱን ውፍረት እኩሌታ ቆርጠን አንዱን በሌላው ላይ ማስቀመጥ ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን መጋዛችንን በመሥመሩ ላይ ስለነዳነው ቀዳዳው ሰፋ፤ ኮላ ብንሞላበትም ተላቀቀ። በሁለተኛው ጊዜ ማስመሪያውን ትተን እንጨቱን ራሱን በእንጨቱ ላይ አስቀምጠን ለካን። ከመሥመሩ በውስጥ በኩል ቆርጠን በመሮ ጥቂት በጥቂት አስተካከልን። ገጠመ፤ ያለ ኮላም ቆመ። ለካ ምስማር የሚሸፍነውን ስህተት ፍርግርግ አይሸፍነውም!

አንድ ነገር አይዘነጋ። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላት መቀሌ የበጋው አየር ደረቅ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ይጠመዘዛል፤ መጋጠሚያውም ይላላል። በደንብ የደረቀ ዋንዛ ይሻላል። የክረምቱ ዝናብ እንዳያበላሸውም ፍርግርጉን ከመስተዋቱ በውስጥ በኩል ማድረግ ነው። ማታ መብራት ሲበራ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣልና መጋረጃ አይቅር።

ይህ ሙያ ለአገራችን እንግዳ ነውን? አይደለም። በአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጹት መስኮቶችና የወራጅ ጫፎች የእንጨት ሥራን በድንጋይ የቀዱ ናቸው። በመቀሌ የሚገኘውን የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲም አናጢ ነበር።

ሆኖም የእጅ ሥራ በአገራችን ሲናቅ ኖሯል። የትግራይ ጀበርቲዎች የርስት መሬት ተከልክለው በነበረበት ዘመን፣ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በንግድና በሽመና ነበር። ያ እጅ ቤተሰብ አኑሯል። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ በሐዲስ ተዘግቧል። ታዲያ ልጃችን መሮና መጋዝ ሲያነሣ የምናፍረው በምን ምክንያት ነው?

በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ከመቀሌ በስተሰሜን የሚገኘው ታሪካዊው የአል-ነጃሺ መስጊድ ሳይቀር ተመታ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ተፈረመ። የብዙ ቤት መስኮትና በር ተሰብሯል፤ የብዙ ወጣት ትምህርትም ተቋርጧል። የተሰበረውን በላሜራ መድፈን ፈጣን መንገድ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከየሰፈሩ አንድ ሁለት ወጣት ከሚያውቁት አናጢ ዘንድ ተቀምጦ መጋጠሚያ ቢማር፣ መስኮቱም እንጀራውም በአንድነት ይጠገናል።

ወላጆች ሆይ! በሚቀጥለው ጊዜ መስኮት ስታሠሩ አንዷን ትንሽ መስኮት እንኳ ለፍርግርግ ተዉለት። ወጣቶችም ሁለት ደረቅ እንጨት ፈልጋችሁ ዛሬውኑ ሞክሩ። የመጀመሪያው ቢላላ አትዘኑ፤ የእኛም ላልቷል።

አላህ የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።